ሙት ወቃሽ ላለመባል



ባለፈው ክረምት የመጽሔታችን አዘጋጆች «ሁላችሁም የየቤተ ሰባችሁን የትውልድ ታሪክ ታላላቆቻችሁን እየጠየቃችሁ ጻፉ» ሲሉ፣ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው ይህ ጸሐፊ ነበር። ያስቸኮለኝም ነገር ነበረ። አባቴ ዘር ቆጠራ ይወዳል። እስከ ሰባት ቤት ያለውን ትውልድ በአንድ ወፍራም ደብተር ጽፎ ከዳዊቱ ጎን አስቀምጦታል። የሚቀረኝ መገልበጥና ሥርዓተ ነጥቡን ማስተካከል ብቻ መስሎኝ ነበር።

በደብተሩ ውስጥ ሰፊውን ገጽ የያዙት ቅድመ አያቴ ናቸው። ቄስ ነበሩ፤ ገበሬ ነበሩ፤ የአጥቢያ ዳኛም ነበሩ። ጫካ መንጥረው እርሻ ያወጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ያሸጋገሩ፣ «በሬ የሰረቀውን ሌባ በአደባባይ አስገርፈው አገሩን ከሌባ ያጸዱ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ማታ ይህንኑ ለአያቴ እያነበብሁላት ሳለ የምትፈትለውን ጥጥ ጭኗ ላይ አሳርፋ «በሬው እኮ ኋላ ተገኘ» አለችኝ። ነገሩ የሆነው እርሷ ሙሽራ ሆና በገባች በዓመቱ ነው። በሬው ለካ ገደል ገብቶ ሞቶ ኖሯል፤ ከሳምንታት በኋላ እረኞች በቀንዱ ለዩት። የተገረፈው ሰው ግን ያን ክረምት ሞፈር አልጨበጠም፤ መሬቱም ጦም አደረ።

አባቴ ከወዲያ ሆኖ ይሰማ ነበርና «ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አትሁን» አለኝ። «እሳቸው ተነሥተው አይመልሱልህ። ደግሞም የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ከእኔ ጋር በአንድ ጽዋ ማኅበር አለ፤ የሻረ ቁስል ምን ያስነካሃል?»

ደብተሩን ዘጋሁ። አባት ሲናገር መልስ አይሰጥም፤ ቢሰጥም በዚያች ማታ መልስ አልነበረኝም። ለመጽሔቱ ቃል ስለ ገባሁ ግን ሌላ ርእስ መፈለግ ነበረብኝ። በዓለም ዙሪያ ሰንበት ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደ ተጀመሩ ልጽፍ ብዬ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ የሸሸሁት ጥያቄ ከወደ አውስትራሊያ ዞሮ መጣብኝ። እንዴት እንደ መጣብኝ ልንገራችሁ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአውስትራሊያ የመጀመሪያው ሰንበት ትምህርት ቤት የሚባለው በ1813 ሲድኒ አጠገብ ፓራማታ በምትባል ከተማ የተከፈተው ነው። የከፈተው ሽማግሌ ወይም ሊቅ አይደለም፤ ቶማስ ሃሳል የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ሮውላንድ ወንጌል ሊሰብክ ወደ ታሂቲ ደሴት ሄዶ፣ በዚያ ሁከት ቢነሣበት በ1798 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሲድኒ የተሰደደ ሰው ነበር። ልጁ በአባቱ ቤት ሕፃናትን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ በመሆኑ ደስ አለኝና የኋላ ታሪኩን ተከተልሁ። ቶማስ ባሕር ተሻግሮ ተምሮ በ1821 ቅስና ተቀበለ፤ በአውስትራሊያ አድገው ቄስ ከሆኑት የመጀመሪያው እርሱ ነው። በኋላም ኮቢቲ በሚባል አገር እያረሰ፣ ሰፊውን አጥቢያውን በፈረስ እየጋለበ ሲያዳርስ ስለ ኖረ «ጋላቢው ቄስ» ይሉት ነበር። በ1822 ያገባት ሚስቱ አን ትባላለች። የአን አባት ደግሞ ሳሙኤል ማርስደን ነው።

ማርስደንም ቄስ ነበረ፤ ገበሬ ነበረ፤ ዳኛም ነበረ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀመጥሁ።

ማርስደን ዮርክሸር በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ፋርስሊ በተባለች መንደር የተወለደ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። (በእኛ አገር ቀጥቃጭን ሲያንኳስሱ የኖሩ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነበር።) ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር መዶሻ ያነሣ ነበር። ድኾች ልጆችን ለቅስና የሚያስተምር አንድ ማኅበር ረድቶት ወደ ካምብሪጅ ገባ። ትምህርቱን ሳይፈጽም በ1793 የኒው ሳውዝ ዌልስ ረዳት ቄስ ተብሎ ተሾመ። ኒው ሳውዝ ዌልስ በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች 5 ዓመት ብቻ የሆናት፣ እንግሊዝ ወንጀለኞቿን የምታግዝባት ምድር ነበረች። በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ የተባለች ልጃገረድ አግብቶ በመርከብ ተነሣ። ጉዞው ከ8 ወር በላይ ፈጀ። ሲድኒ የደረሱት በመጋቢት 1794 ሲሆን፣ የበኩር ልጃቸው አን ከመድረሳቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብላ በባሕር ላይ ተወለደች። እንግዲህ የጋላቢው ቄስ ሚስት አገሯ ውኃ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ቤተ ሰብ ሐዘን ቀላል አልነበረም። በ1801 ትንሹ ልጃቸው ከእናቱ ክንድ ላይ ከጋሪ ወድቆ ሞተ። በ1803 ሌላው ወንድ ልጃቸው በቤት ውስጥ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ሞተ። በ1811 ኤልሳቤጥ የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ሽባነት አገኛትና ቀኝ እጇ ዐረፈ፤ በዚያው ሁኔታ እስከ 1835 ኖረች። ባሏ ከቤት የሚርቅ፣ ከመርከብ መርከብ የሚሸጋገር ሰው ነበረ። ስለ ማርስደን የሚጽፉ ሰዎች ለበጎቹ ብዙ ገጽ ሰጥተው ለዚህች ሴት ጥቂት መሥመር ይተዉላታል፤ እኔም ከእነርሱ የተሻልሁ አይመስለኝም።

ወደ እርሻው እንመለስ። ማርስደን እንደ ደረሰ መሬት ተሰጠው። ሰብል የማያውቀው ጠንካራ አፈር፣ እርሻ የማያውቁ ግዞተኞች፣ ረኀብ የሚያሠጋት ከተማ፤ ይህን አይቶ ወገቡን ታጥቆ ሠራ። በ1802 የነበሩት በጎች 480 ሲሆኑ፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ ከ1000 አለፉ። ብልኀቱ የሥጋውን ብቻ ሳይሆን የጠጉሩንም ነገር ማሰቡ ነበር፤ አውራ እየመረጠ ያዳቅል ነበር። በ1807 ወደ እንግሊዝ ሲሄድ የበጎቹን ጠጉር ይዞ ሄደ፤ በትውልድ አውራጃው በዮርክሸር ያሉ ሸማኔዎች ፈትለው ጥቁር ልብስ ሠሩለት። ልብሱን ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አይቶ ለራሱም እንዲህ ያለ ካባ ፈለገ፤ ከመንጋውም ሜሪኖ የሚባሉትን የስፔን ዘር በጎች ሸለመው። በ1811 ወደ እንግሊዝ የላከው ጠጉር ከ4000 ፓውንድ በላይ፣ በእኛ ሚዛን 1800 ኪሎ ያህል ነበር። አውስትራሊያ ኋላ በሱፍ የበለጸገችው እነዚህን በመሰሉ ጥቂት ሰዎች ትጋት መሆኑ አይካድም። በ1827 በስጦታም በግዢም የያዘው መሬት ከ5000 ኤከር በላይ ደርሶ ነበር።

ከሥራው ሁሉ እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን ከበጎቹ ይልቅ የሩዋታራ ስንዴ ነው። ሩዋታራ የኒውዚላንድ ማኦሪ የሆነ ወጣት ባላባት ነበር። የእንግሊዝን ንጉሥ ለማየት ብሎ በአሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ላይ ተቀጥሮ እስከ ለንደን ደረሰ፤ ንጉሡን ሳያይ፣ ደመወዙን ሳይቀበል፣ ተደብድቦና ታሞ በ1809 በሚመለስ መርከብ ላይ ተጣለ። ማርስደን በዚያው መርከብ ይሄድ ነበርና ደም ሲተፋ አገኘው። አስታመመው፤ ፓራማታ ከቤቱ አስቀምጦ እርሻ አስተማረው። ሩዋታራ ወደ አገሩ ሲመለስ የስንዴ ዘር ይዞ ሄዶ ዳቦ የሚሠራው ከዚህ ነው ብሎ ለወገኖቹ አከፋፈለ። እነርሱ የሚያውቁት ድንችን ነው፤ ስለዚህ ቡቃያው ሲያድግ እየነቀሉ ሥሩን አዩ። ፍሬ ሲያጡ አቃጠሉት፤ ሩዋታራንም ውሸታም አሉት። የእርሱ ማሳ ግን ለመከር ደረሰ። መፍጫ ስላልነበረው ግን ቃሉን ማስረዳት አልቻለም። በ1814 ማርስደን የእጅ ወፍጮ ላከለት። ሩዋታራ ወገኖቹን ሰብስቦ ፈጨ፤ በመጥበሻ ላይ ቂጣ ጋገረ። ያን ጊዜ ሰዎቹ እየጮኹ ጨፈሩ። ለእኔ ከስብከት ሁሉ የበለጠች ስብከት ያች ቂጣ ናት።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 25 ቀን ማርስደን ራሱ በገዛ ገንዘቡ በገዛት መርከብ ኒውዚላንድ ደርሶ ኦይሂ በተባለ ዳርቻ የልደትን በዓል አከበረ፤ ሰበከም። ሩዋታራ ቦታውን አጥሮ፣ ከአሮጌ ታንኳ መስበኪያና መቀመጫ አበጅቶ፣ ራሱ አስተርጓሚ ሆነ። ማርስደን ባጠቃላይ 7 ጊዜ ወደ ኒውዚላንድ ተሻግሯል። በመርከበኞች ለሚበደሉ ማኦሪዎች ጥብቅና ቆሟል። የመጨረሻውን ጉዞ በ1837 ከትንሿ ልጁ ከማርታ ጋር ሲያደርግ ደክሞ ነበርና ማኦሪዎቹ ተሸክመው አዘዋወሩት፤ በማግስቱ ዓመት በግንቦት 1838 ዐረፈ። በኦይሂ በ1907 የቆመው መስቀል ዛሬም አለ፤ በ2014 ሁለት መቶኛ ዓመቱ ሲታሰብ ብዙ ሕዝብ በዚያ ተሰብስቧል።

እስከዚህ ያለው በአባቴ ደብተር ሊጻፍ የሚችል ታሪክ ነው።

አሁን ደግሞ በአያቴ አፍ ብቻ የሚነገረውን እናንሣ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ማርስደንን «ገራፊው ቄስ» ይሉት ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ከመጣ ብዙም ሳይቆይ በፓራማታ ዳኛ ሆኖ ተሹሞ ነበርና፣ እሑድ መስቀል የጨበጠ እጁ በሥራ ቀን የግርፋት ፍርድ ይፈርም ነበር። በ1800 የአየርላንድ ግዞተኞች ሊያምፁ ነው፣ ጦርም ደብቀዋል የሚል ወሬ ተነሣ። ማርስደን ከነበረባቸው ዳኞች ዘንድ ምርመራ ተጀመረ፤ ጦሩ የት እንዳለ እንዲናገሩ ሰዎች በቱንጋቢ ታስረው ተገረፉ። ከእነርሱ አንዱ ጋልቪን የሚባል ወጣት ነው። ሆልት የተባለ አየርላንዳዊ ግዞተኛ ቆሞ እንዲያይ ተገዶ ነበርና ያየውን በማስታወሻው ጽፎታል። ወጣቱን ዛፍ አስታቅፈው 300 ግርፋት ገረፉት፤ በጀርባው የሚገረፍ ሥፍራ ሲጠፋ ወደ ታች ወረዱ። ጋልቪን አንድም ስም አልጠራም።

ልብ በሉ፤ ይህ ቅጣት እንኳ አይደለም። ሰውን ለማናገር የተፈጸመ ግርፋት ነው።

በ1810 ደግሞ አገረ ገዥው ማኳሪ አዲስ ለሚሠራ መንገድ የበላይ ተመልካቾች ሲሾም ማርስደንን ከሁለት ነጋዴዎች ጋር መረጠው። ሁለቱም ግዞታቸውን ጨርሰው፣ ነግደው የተከበሩ ሰዎች ሆነው ነበር። ማርስደን ግን ከቀድሞ ወንጀለኛ ጋር በአንድ ጉባኤ አልቀመጥም ብሎ እምቢ አለ። በአገሩ ሁሉ ስለ ንስሓ የሚሰብክ ካህን፣ ቅጣቱን ጨርሶ ከተነሣ ሰው ጎን ለመቀመጥ ተጸየፈ። ከግርፋቱ ታሪክ ይልቅ ይህ እኔን አስጨንቆኛል። ግርፋቱን ቁጣ ወይም ፍርሃት አመጣው ይባል፤ ይህ ግን ቀን ላይ ታስቦበት የተደረገ ነው።

የመሬቱም ነገር አለ። ፓራማታ ባዶ ምድር አልነበረችም። የዳሩግ ሕዝብ ወገን የሆኑት ቡራማታጋል አሣ የሚያጠምዱባት፣ በስማቸውም የምትጠራ አገር ነች። ማርስደን ለማኦሪዎች ባሕር ተሻግሮ ሲደክም፣ ከደጁ ላሉት ለእነዚህ ሰዎች ግን ተስፋ ቈርጦ ነበር። በቤቱ ያሳደገው አንድ የአገሬው ልጅ ነበር፤ ትሪስታን ብሎ ሰይሞታል። በ1807 ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ይዞት ተሳፈረ፤ ልጁ በብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደብ ላይ ጠፋ። ወገኖቹ ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር የማርስደን ቤት ታሪክ አይነግረንም። በኒውዚላንድም ቢሆን በ1815 ለመልእክተኞቹ የተወሰደው 200 ኤከር መሬት ዋጋው 12 መጥረቢያ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አን ለልጆቿ ስለ አባቷ ስትነግር ምን ልትል ይገባት ነበር? ከልጆቿ አንዱ ጄምስ ሃሳል እንደ አባቱም እንደ አያቱም ቄስ ሆኖ በ1902 የትዝታ መጽሐፍ አሳትሟል። አያቱን የሚያስታውሰው በፍቅር ነው። አልፈርድበትም። እኔም ቅድመ አያቴን ባውቃቸው ኖሮ ጉልበታቸውን ስሜ ምርቃት የምቀበል ልጅ እሆን ነበር።

ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር አንዱ «ዘመኑ ነው» አለኝ። በዚያ ዘመን ዳኛ ሁሉ ይገርፍ ነበር፤ ማርስደንን ብቻ ለምን ታነሣለህ አለ። እውነት አለው፤ ሕጉ ግርፋትን ይፈቅድ ነበር፤ በችሎቱም ላይ ብቻውን አልነበረም። ይሁን እንጂ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው በዝተሃል ብለውታል። ማኳሪ በ1818 ከዳኝነት ሻረው። በ1819 ከእንግሊዝ ተልኮ የመጣው መርማሪ ቢግ ከማኳሪ ይልቅ ለማርስደን የሚያዘነብል ሰው ሲሆን፣ እርሱም እንኳ ፍርዱ ጭካኔ የበዛበት ተብሎ በአገሩ መታወቁን በሪፖርቱ ጽፏል። ዘመን ብቻውን አይገርፍም፤ ጅራፉን የሚያዝ ሰው አለ።

ሌላው ጓደኛዬ ሚዛን አነሣ። «በጎውንና ክፉውን አመዛዝን፤ ስንዴው፣ በጎቹ፣ ስብከቱ በአንድ ወገን፣ ግርፋቱ በሌላ ወገን» አለኝ። ይህም መጀመሪያ ልቤን ያዘው። ኋላ ሳስበው ግን ሚዛኑ ትክክል አልሆነልኝም። ስንዴው የደረሰው ለሩዋታራ ነው፤ ግርፋቱ የደረሰው ለጋልቪን ነው። የጋልቪንን ጀርባ የሩዋታራ ቂጣ አይጠግነውም። ካሣ የሚባለው ለተበደለው ሲከፈል ነው እንጂ፣ ለአንዱ የሰጡት ለሌላው አይቈጠርም። ደግሞም ስንዴውን ያፈራው ትጋትና ግርፋቱን ያመጣው ትጋት አንድ ሳይሆን አይቀርም። ማርስደን ሥራ ፈትነትን እንደ ኃጢአት የሚያይ፣ በጀመረው ነገር የማይመለስ ሰው ነበር። ከዚህ ጠባይ በጎውን ቈርጦ ለብቻ ማስቀመጥ ይቻላል ብዬ አላምንም።

ታዲያ አን በአባቷ በደል ትጠየቃለችን? አትጠየቅም። በባሕር ላይ የተወለደች ሕፃን በዳሩግ መሬት ምን እጅ አላት? ነገር ግን በዚያ መሬት አድጋለች፤ ከዚያ በግ ጠጉር ለብሳለች። በደል ባይወረስም የበደል ፍሬ ይወረሳል። ወራሽ ሁሉ ቢያንስ ከየት እንደ መጣለት የማወቅ ዕዳ አለበት ባይ ነኝ።

ከሁሉ በኋላ የአባቴ ቃል ቀረ፤ «ሙት ወቃሽ አትሁን»። ይህ የዋዛ ቃል አይደለም። ሙት መልስ መስጠት አይችልምና እርሱን መክሰስ ግፍ ነው ማለት ነው። በማርስደንም ላይ ይሠራል። ሆልት ባላንጣው ነበረ፤ ማኳሪም ተጣልቶታል፤ የሁለቱን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ ተገቢ አይሆንም። እኔም በዚህ ቃል ተይዤ ጽሑፌን ልተው ደርሼ ነበር። የመለሰኝ ማርስደን በገዛ እጁ ያዘጋጀው መዝገብ ነው።

በ1806 በአገሩ የሚኖሩትን ሴቶች ስም ጻፈ። 1430 ነበሩ። ከእነዚህ 395ቱን «ያገባች» ብሎ፣ 1035ቱን «ዕቁባት» ብሎ መዘገበ። ያገባች የሚላት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተጋባችውን ብቻ ነው። በካቶሊክ ቄስ ፊት የተጋባች፣ በአይሁድ ሥርዓት የተጋባች፣ ቄስ በሌለበት ከአንድ ወንድ ጋር ተስማምታ ልጅ ያሳደገች፣ ሁሏም ዕቁባት ተባለች። ልጆቻቸውም በሕጋዊና ሕጋዊ ባልሆነ ተከፍለው ተቈጠሩ። መዝገቡን ወደ እንግሊዝ ይዞት ሄደ፤ አገሩ በዝሙት የጠፋ ነው ለሚሉት ሰዎች ሁሉ ማስረጃ ሆነ። እነዚያ ሴቶች ሞተው አልቀዋል። ዛሬ የዘራቸውን ሐረግ የሚፈልግ ሰው ቅድመ አያቱን በዚያ መዝገብ ሲያገኛት፣ ከስሟ ጎን የሚያነበው ያንኑ ቃል ነው። ተነሥታ «አግብቼ ነበር» አትልም።

ይህን ሳነብ ሙት ወቃሹ ማን እንደ ሆነ ገባኝ። ጋልቪንም ሙት ነው። ሴቶቹም ሙታን ናቸው። የአባቴ ደብተር «በሬ የሰረቀውን ሌባ» ሲል፣ በሬ ያልሰረቀ አንድ ሙት በየትውልዱ እየወቀሰ ነው። እኔም ያን መሥመር ገልብጬ በዚህች መጽሔት ባወጣው ኖሮ፣ አባባሌን ሰምቶ ሊመልስልኝ የማይችል ሰውን ሌባ ማለቴ ነበር። ዝም ማለትም አላዋጣኝም፤ ደብተሩ ዝም አላለምና። ቅድመ አያቴ ስለ ጫካው ምንጠራና ስለ ቆርቆሮው የሚመሰገኑት እውነት ስለ ሆነ ከሆነ፣ ስለ በሬውም እውነቱ ይጻፍላቸው። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው በሬው ከተገኘ በኋላ የተጸጸቱበት ቀን ይኖራል፤ ደብተሩ ግን ለጸጸታቸው ቦታ አልተወላቸውም።

በማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ ያለውን የትውልድ ሐረግ ሁላችንም በቃል አጥንተናል። ትዕማር አለች፤ ረዓብ አለች፤ ሩት አለች። ወደ ሰሎሞን ሲደርስ ግን እናቱን በስሟ አይጠራም፤ የኦርዮ ሚስት እንደ ነበረች ነው የሚነግረን። ብዙ ጊዜ ሳነበው የቤርሳቤህ ስም መቅረቱን ብቻ ነበር የማስተውለው። ለካ የገባው የኦርዮ ስም ነው። ዳዊት ያስገደለው ሰው፣ ከዳዊት ዘር ያልሆነ፣ ልጅ ያልተቈጠረለት ሰው፣ ስሙ በዳዊት የልጅ ልጆች መዝገብ መካከል ተቀምጧል። ያን መዝገብ የጻፈ ሰው ንጉሡን ሊያዋርድ አልጻፈም፤ ዳዊት በዚያው ገጽ ላይ ንጉሥ ተብሏል።

ይህን ለአባቴ ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለና «ማኅበርተኛዬስ ምን ይላል?» አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እነርሱ ቤት ይህ ታሪክ ሳይነገር የቀረ አይመስለኝም አልሁት። መልስ አልሰጠኝም። ሲመሽ ግን ደብተሩን ከዳዊቱ ጎን አንሥቶ እኔ ከምተኛበት አልጋ ራስጌ አኖረው።

እስክሪብቶ ይዤ ወደ አያቴ ሄድሁ። «እማማ፣ ያ ሰው ማን ይባል ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። እንዝርቷን አላቆመችም፤ ልታስታውስም አልደከመችም። ስሙን ከነአባቱ ስም ነገረችኝ፤ የአያቱንም ጨመረችልኝ።